የተማረከች መርከብ ዳኛዋ ማን ነው?

በኖቬምበር 2023 የየመን ሁቲዎች ከሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሲይዙ፣ ወዲያው ክርክር ያስነሣው መርከቧ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ነበር። የምታውለበልበው የባሃማስን ሰንደቅ ነው። ተከራይቶ የሚያሠራት የጃፓን ኩባንያ ነው። ባለቤትነቷ ከአንድ እስራኤላዊ ባለሀብት ጋር ይያያዛል። 25ቱ መርከበኞች ደግሞ ከፊሊፒንስ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከዩክሬን፣ ከሜክሲኮና ከሩማንያ የመጡ ናቸው። ያዦቹ “የእስራኤል ናት” አሉ፤ እስራኤል “የእኛ አይደለችም” አለች። መርከበኞቹ የተፈቱት በጃንዋሪ 2025 ነው።

ከ1500ዎቹ እስከ 1700ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይኸው ጥያቄ የአውሮፓን ጠበቆች እንጀራ ያበላ ነበር። ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን ባሕር የምናስበው በፊልም ወንበዴ ነው፤ አንድ ዓይኑን የሸፈነ፣ ጎራዴ የመዘዘ። እውነታው ግን የጽሕፈት ቤት መልክ ይበዛዋል። መድፍ መርከቧን ያስቆማታል እንጂ የማን እንደምትሆን አይወስንም። ያን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ ዳኛው የሚመረምረውም ወረቀት ነው። እንግዳ የሚሆንብን ዳኛው የማራኪው አገር ዳኛ መሆኑ ነው። ንብረቱን የተነጠቀው ነጋዴ ነጣቂዎቹ አገር ድረስ ሄዶ ወይም ወኪል ልኮ፣ በነጣቂው ንጉሥ ስም ለተቀመጠ ዳኛ አቤት ይላል። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት እንዴት ሊታመን ቻለ? ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንበዴና ማራኪ በምን ይለያያሉ?

በአንድ ወረቀት። ወንበዴ ያገኘውን ሁሉ ለራሱ ይዘርፋል፤ ከተያዘ ይሰቀላል። ፈቃድ ያለው ማራኪ ግን የግል መርከብ ይዞ፣ በጦርነት ጊዜ የጠላትን የንግድ መርከቦች እንዲይዝ ከመንግሥት ደብዳቤ የተሰጠው ሰው ነው። መርከቡን የሚያስታጥቁትና ስንቁን የሚያሟሉት ባለሀብቶች ናቸው፤ የተገኘውንም ከካፒቴኑና ከመርከበኞቹ ጋር ይካፈላሉ። መንግሥት ደመወዝ የማይከፍለው የባሕር ኃይል አገኘ ማለት ነው። በእንግሊዝ ዘውዱም ድርሻውን ያነሣ ነበር፤ የምርኮውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለማራኪዎቹ የተወላቸው በ1708 የወጣ ሕግ ነው።

የደብዳቤው መነሻ ከጦርነት ይልቅ ዕዳ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አንድ የእንግሊዟ ብሪስቶል ነጋዴ በካስቲል (በዛሬዋ ስፔን የነበረች መንግሥት) ሰዎች ቢዘረፍ መጀመሪያ እዚያው ካስቲል ሄዶ መክሰስ ይጠበቅበታል። ፍትሕ ከተነፈገ ወደ ገዛ ንጉሡ ተመልሶ ያመለክታል። ንጉሡም የጠፋበትን ያህል ከየትኛውም የካስቲል ነጋዴ ንብረት ላይ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ዘራፊው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። ለእኛ ግፍ ይመስላል፤ ለእነሱ ግን ሁለት ነገሥታት ጦርነት ሳያውጁ ዕዳ የሚወራረዱበት መንገድ ነበር።

በ1500ዎቹ ይህ አሠራር ወደ ጦር መሣሪያነት ተለወጠ። በ1585 የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ በወደቦቹ የቆሙት የእንግሊዝ መርከቦች እንዲያዙ አዘዘ። ቢልባኦ አጠገብ መልሕቅ ጥላ የነበረችው ፕሪምሮዝ ግን አልተያዘችም። ነጋዴ መስለው የወጡባትን ወታደሮች መርከበኞቿ ታግለው ጣሏቸው፤ የአካባቢውን ሹም ራሱን፣ የንጉሡን ትእዛዝ እንደያዘ፣ ለንደን ይዘውት ገቡ። ከዚያ በኋላ ንግሥት ኤልሳቤጥ ንብረት የተያዘባቸው ነጋዴዎች ኪሳራቸውን አድሚራሊቲ በሚባለው የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት አስመዝግበው ከስፔናውያን እንዲያካክሱ ፈቀደች። የኪሳራው ማስረጃ ብዙም ሳይቆይ ለወጉ ያህል የሚቀርብ ነገር ሆነ። ስፔን ምንም ያልወሰደችበት ሰው ሁሉ ተዘርፌያለሁ ብሎ ፈቃድ ያወጣ ጀመር።

የዚያ ዘመን ትልቁ ምርኮ በ1592 አዞረስ ደሴቶች አጠገብ የተያዘችው የፖርቱጋል መርከብ ማድሬ ዴ ዴውስ ነበረች። ዳርትማውዝ ወደብ እንደደረሰች ቅመሙ፣ ዕንቁውና ሐሩ በየኪሱና በየጆንያው ተበተነ። ንግሥቲቱ ዝርፊያውን እንዲያስቆም ዋልተር ራሌይን ከታሰረበት ከለንደን ግንብ አውጥታ ላከችው። እሱ ሲደርስ አብዛኛው ዕቃ ሄዷል። ከማራኪዎቹ ራሳቸው ምርኮን መጠበቅም የፍርድ ቤቱ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መርከቧ ወደብ ከገባች በኋላ ምን ይደረጋል?

ነገሩ እዚህ ላይ ጠበቅ ይላል። ማራኪው ዕቃውን እንዳሻው አራግፎ መሸጥ አይችልም፤ ሳያስፈርድ ቢሸጥ የገዛው ሰው ባለቤትነቱ አይጸናለትም። ስለዚህ መርከቧን ከነጭነቷ፣ ከነወረቀቷና ከጥቂት መርከበኞቿ ጋር ወደብ አስገብቶ ለባሕር ፍርድ ቤት ያስረክባል። በለንደን ይህ የአድሚራሊቲ ፍርድ ቤት ነበር። በኔዘርላንድ ሥልጣኑ ለአምስት የአድሚራሊቲ ቦርዶች ተከፋፍሎ ነበር። ፈረንሳይ በ1659 ለዚሁ ሥራ የምርኮ ጉባኤ አቋቋመች።

የእንግሊዙን አሠራር እንከተል። ማራኪው መርከቧ ውስጥ ያገኘውን ወረቀት በሙሉ አቅርቦ፣ አንድም እንዳልቀነሰና እንዳልጨመረ ይምላል። የመርከቧ የይለፍ ወረቀት፣ የኪራይ ውሉ፣ ዕቃው የማን እንደሆነና ለማን እንደሚደርስ የሚያሳየው የጭነት ሰነድ፣ የሠራተኞች ዝርዝር፣ የጉዞ መዝገቡ፣ የነጋዴዎች ደብዳቤ፣ የመርከበኛው የግል ደብዳቤ ሳይቀር ይቀርባል። ቀጥሎ የተማረከችው መርከብ ካፒቴንና ሁለት ሦስት ሰዎቿ ለሁሉም በእኩል የሚቀርብ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይጠየቃሉ። የት ተወለድህ? ላለፉት ሰባት ዓመታት የኖርከው የት ነው? የማን ንጉሥ ተገዢ ነህ? ከመርከቧ ላይ ድርሻ አለህ? ስትያዙ ወደ ባሕር የተጣለ ወረቀት ነበር?

የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ ይበሉ። በጊዜው አንድ ካፒቴን አሳዳጅ መርከብ ሲቀርብበት መጀመሪያ የሚያደርገው አደገኛ ወረቀቶችን ከክብደት ጋር አስሮ ወደ ባሕር መጣል ነበር። ፍርድ ቤቶች ይህን ያውቁ ስለነበር ወረቀት መጣሉ ራሱ ከባድ ጥርጣሬ ያመጣል። የፈረንሳይ የ1681 የባሕር ድንጋጌ ከዚህም ይጠነክር ነበር። የኪራይ ውል፣ የጭነት ሰነድና የዕቃ ደረሰኝ ያልተገኘባትን መርከብ በዚያው ሕጋዊ ምርኮ ናት ይላል።

ባለንብረት ነኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲከራከር የለንደን ነጋዴዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው የተማረከችውን መርከብ ወረቀትና የሰዎቿን ቃል ብቻ ነው፤ ማራኪው ከውጭ ያመጣው ማስረጃ በመጀመሪያው ዙር አይገባም። ለማራኪ ያደላል በምንለው ሥርዐት ውስጥ ይህ ትልቅ ገደብ ነው። ከመርከቧ በተገኘው ማስረጃ የጠላት መሆኗ ካልታየ ትለቀቃለች። ዳኛው ከተጠራጠረ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲመጣ ያዝዛል። ያለ በቂ ምክንያት የያዘ ማራኪ ወጪና ካሣ ይከፍላል። ለዚህም ሲባል ማንም ፈቃድ የሚወስድ አስቀድሞ ዋስ ይጠራ ነበር፤ በ1700ዎቹ እንግሊዝ ከ150 ሰው በላይ ለሚይዝ መርከብ 3,000 ፓውንድ፣ ከዚያ በታች ለሆነ 1,500 ፓውንድ። በፍርዱ ያልተስማማ ደግሞ በንጉሡ አማካሪዎች ለተቋቋመ የይግባኝ ችሎት ያመለክታል።

ዳኛው የማራኪው አገር ሰው መሆኑ ግን አልቀረም። ለምን ተቀባይነት አገኘ ቢባል፣ የእኔ ንባብ ይኸ ነው፦ ሁሉም አገር ማራኪም ተማራኪም ነበር። የአምስተርዳም ነጋዴ ለንደን ላይ ፍትሕ ባጣ ቁጥር የለንደን ነጋዴ የኔዘርላንዷ ሚድልበርግ ላይ ይቀምሳታል። የመድን ሰጪዎቹም ጉዳይ አለ። አንዱ አገር ዕቃ የሚጫነው በሌላው መርከብ፣ መድን የሚገባው በሦስተኛው ከተማ ስለሆነ፣ ፍርዱ ምን እንደሚሆን በግምትም ቢሆን ማወቅ የሁሉም ጥቅም ነበር።

ሰንደቅ መለወጥ ለምን ያድናል ተባለ?

አምስተርዳም በጦርነት ላይ ናት፤ ሐምቡርግ ግን ገለልተኛ ናት እንበል። አንዲት የሐምቡርግ መርከብ የአንድ የአምስተርዳም ነጋዴ ወይን ጠጅና የአንድ የሉቤክ ነጋዴ ጨርቅ ጭና ስትሄድ ተያዘች። ሉቤክም ገለልተኛ ናት። ምን ይሆናል?

መልሱ ማን እንደያዛት ይለያያል። በሜዲትራንያን ወደቦች የዳበረውና እንግሊዞች በአብዛኛው የያዙት የቆየ ልማድ መርከቧን ትቶ ባለ ዕቃውን ያያል። ወይን ጠጁ የጠላት ስለሆነ ይወረሳል፤ መርከቧና ጨርቁ ይለቀቃሉ፤ ካፒቴኑ ለወይን ጠጁ የማጓጓዣ ኪራዩን እንኳ ከማራኪው ይቀበላል። በፈረንሳይ የ1681 ድንጋጌ ደግሞ የጠላት ዕቃ የጫነች ገለልተኛ መርከብ ራሷም ትወረሳለች። ሦስተኛውን መንገድ የገፉት ደቾች፣ ማለትም የኔዘርላንድ ሰዎች ናቸው። ሰንደቁ ነጻ ከሆነ ጭነቱም ነጻ ነው፤ የጦር ቁሳቁስ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም። ይህን በ1650 ከስፔን፣ በ1674 ከእንግሊዝ ጋር በውል አስረውታል። የሌላውን ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር ሕዝብ ይህን ቢፈልግ አይገርምም።

“የጦር ቁሳቁስ” ሲባል ባሩድና መድፍ መሆኑ አያከራክርም። ጠቡ የነበረው ስለ ዝፍት፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ሸራና ስለ ምሰሶ እንጨት ነው። የጦር መርከብ የሚሠራው ከእነዚሁ ነው፤ የዓሣ ጀልባም የሚሠራው ከእነዚሁ ነው። ዝፍትና እንጨት ሻጮቹ ስዊድንና ዴንማርክ አንድ ነገር ሲሉ፣ የፈረንሳይ የመርከብ መሥሪያዎች ይራቡልኝ የምትለው እንግሊዝ ሌላ ትላለች።

ጦርነት በተነሣ ቁጥር እንግዲህ መርከቦች በአንድ ሌሊት ዜጋ ይቀይሩ ነበር። የደች መርከቦች በኦስተንድ፣ በኤምደን፣ በሐምቡርግ ሰዎች ስም “ይሸጡ” ነበር። ሽያጩ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ገዢው ስሙን ያከራየ ሰው ነው፤ ትርፉ ወደ ቀድሞው ባለቤት ይሄዳል። አንዳንዱ ካፒቴን ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዞ ይዞራል። ከላይ ያነሣነው “ላለፉት ሰባት ዓመታት የት ኖርህ” የሚለው ጥያቄ የተሰነዘረው በእነዚህ ላይ ነው። ካፒቴኑ በወረቀት የኦስተንድ ሰው ሆኖ፣ ሚስቱ በጻፈችለት ደብዳቤ ላይ አምስተርዳም ያለው ቤታቸው ጣሪያው ማፍሰሱን ከነገረችው፣ ያቺ ደብዳቤ ከሁሉም ማኅተም ትበልጣለች።

የደብዳቤዎቹ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ከ1652 እስከ 1815 እንግሊዞች ከማረኳቸው 35,000 ያህል መርከቦች የተወሰዱት ወረቀቶች ለንደን አጠገብ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ከ160,000 የማያንሱ ለባለቤታቸው ሳይደርሱ የቀሩ ደብዳቤዎች በውስጣቸው ይገኛሉ። በ1758 የተያዘችው የፈረንሳይ መርከብ ጋላቴ መርከበኞች ከሚስቶቻቸውና ከእናቶቻቸው የተላከላቸው ጥቅል የተከፈተው ከሁለት ተኩል ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአንድ የካምብሪጅ የታሪክ ተመራማሪ እጅ ነው።

ፈቃድ ሳይኖር የተያዘስ? የሳንታ ካታሪና ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1603 ንጋት ላይ፣ ዛሬ ሲንጋፖር ካለችበት ቦታ አጠገብ፣ ያኮብ ቫን ሄምስከርክ የሚመራቸው የደች መርከቦች ከማካዎ የመጣችውን የፖርቱጋል መርከብ ሳንታ ካታሪናን አጠቁ። ቀኑን ሙሉ ከተታኮሱ በኋላ እጅ ሰጠች። የቻይና ሐር፣ ሸክላና ሌላም ውድ ዕቃ ጭና ነበር። አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር (የደች ገንዘብ) በላይ አወጣ። አዲስ የተቋቋመው የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መላ ካፒታል 6.4 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ካሰብን፣ አንዲት መርከብ የዚያን ግማሽ አመጣች ማለት ነው።

ችግሩ ሄምስከርክ የተላከው ለንግድ መሆኑ ነው። የያዘው ትእዛዝ ኃይል እንዲጠቀም የፈቀደለት ራሱን ለመከላከልና ለደረሰበት ጉዳት ለማካካስ ብቻ ነበር። የአምስተርዳም አድሚራሊቲ ባለመብት ነኝ የሚል እንዲቀርብ ጠርቶ ማንም ስላልመጣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1604 ሕጋዊ ምርኮ ናት ብሎ ፈረደ። ሊስቦን ያለ ነጋዴ፣ የስፔንና የፖርቱጋል ንጉሥ አንድ በሆነበትና ያ ንጉሥ ከደቾች ጋር በሚዋጋበት ጊዜ፣ አምስተርዳም ሄዶ ይከራከር ማለት ምን ያህል ፍትሕ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ፍርዱ የሁሉንም አፍ አልዘጋም። ከኩባንያው ባለ አክሲዮኖች መካከል በሃይማኖታቸው ጦርነትን የሚጠየፉ ስለነበሩ የደም ገንዘብ አንካፈልም አሉ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ገና ከ20 ዓመት ብዙም ያላለፈውን ጠበቃ ሁጎ ግሮሽየስን መከላከያ እንዲጽፍ ጠየቀው። የጻፈው ረጅም ነገር ከአንድ ምዕራፉ በቀር በሕይወት ዘመኑ አልታተመም፤ ሙሉው የእጅ ጽሑፍ በ1864 ነው የተገኘው። ያ አንድ ምዕራፍ ግን በ1609 ያለ ደራሲ ስም ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ባሕር የማንም አይደለም፤ ፖርቱጋል የሕንድን ውቅያኖስ የእኔ ናት ብላ ሌላውን ልትከለክል አትችልም ይላል። ዛሬ ስለ ባሕር ነጻነት የሚነገረው አብዛኛው ነገር መነሻው ይህ የምርኮ ጉዳይ ነው።

በ1613 ደቾች የቅመም ደሴቶችን ንግድ ለብቻቸው ሲይዙ እንግሊዞች ተቃወሙና ለንደን ላይ ድርድር ተከፈተ። እንግሊዞቹ ያንኑ ስም የለሽ ጽሑፍ እየጠቀሱ ደቾችን ሞገቷቸው። ከደች ልዑካን መካከል የተቀመጠው ግሮሽየስ ራሱ ነበር።

የተፈረደበት አገር አልቀበልም ቢልስ?

በዛሬዋ ጀርመን የነበረችው የፕሩሺያ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ አልቀበልም አለ። የእሱ ሙግት ይህን ሁሉ ሥርዐት ከሥሩ የሚነካ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ የሲሌሲያን ግዛት ገቢ ዋስትና አድርጎ ከለንደን ባለሀብቶች 250,000 ፓውንድ ተበድሮ ነበር። ፍሬድሪክ ሲሌሲያን በጦር ሲወስድ በ1742ቱ የሰላም ስምምነት ዕዳውንም አብሮ ተረከበ። ከ1744 እስከ 1748 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ ገለልተኛ የነበሩት ፕሩሺያውያን ወደ ፈረንሳይ ይነግዱ ነበርና እንግሊዛውያን ማራኪዎች መርከቦቻቸውንና ዕቃቸውን ያዙ። የለንደኑ ፍርድ ቤት አንዳንዱን ለቀቀ፤ ለአንዳንዱ ካሣ ወሰነ፤ ሌላውን ወረሰ። ፍሬድሪክ በርሊን ላይ የራሱን ኮሚሽን አቋቋመና የለንደንን ፍርዶች እንደገና መረመረ። የሕዝቤ ኪሳራ ይህን ያህል ነው ብሎ ደመረ። በ1752 ከሲሌሲያ ዕዳ የቀረውን ገንዘብ ይዞ፣ ኪሳራውን ከዚህ ላይ እቆርጣለሁ አለ። ለንደን ሆኖ በፕሩሺያ ተገዢ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ሥልጣን የለውም ማለቱ ነበር።

የእንግሊዝ መልስ በጃንዋሪ 1753 በአራት የሕግ ሰዎች ተጻፈ። ዋናው ነጥባቸው አጭር ነው። ምርኮን የሚዳኘው በሁሉም አገር ልማድ የማራኪው አገር ፍርድ ቤት ነው። ተበደልኩ የሚል እዚያው ይግባኝ ይላል፤ ከእናንተ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ግን ይግባኝ አላሉም። አንዱ መንግሥት የሌላውን የምርኮ ፍርድ የሚሽር ፍርድ ቤት አቁሞ አያውቅም። የዕዳው ገንዘብ ደግሞ የግለሰቦች ነው፤ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ቢቆጣ የግለሰብን ገንዘብ መያዝ አይገባውም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዬ ይህን ጽሑፍ መልስ የማይገኝለት መልስ ብሎ አደነቀው።

መልስ ባይገኝለትም ገንዘብ ግን ተገኘለት። በ1756 እንግሊዝ በፈረንሳይ ላይ የፕሩሺያን ወዳጅነት ስትፈልግ 20,000 ፓውንድ ከፈለች፤ ፍሬድሪክም የያዘውን ዕዳ ለቀቀ። በክርክሩ እንግሊዞች ረቱ ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ያለ ጦርና ያለ ይግባኝ 20,000 ፓውንድ ያስከፈለ ሰው ተረታ ለማለት ይቸግረኛል።

ሳትማረክ የተጎዳችስ?

አብዛኛውን መርከብ የሚጎዳው ጠላት ሳይሆን ማዕበል ነው። እዚህ ጥያቄው “ኪሳራው የማን ነው” ወደሚል ይዞራል፤ መልሱም ከሮማውያን ዘመን የቆየ ነው። አንድ የጭነት መኪና የአምስት ነጋዴ ዕቃ ጭኖ ወንዝ ሲሻገር ጭቃ ያዘው፤ ከላይ ደራሽ ጎርፍ መጣ እንበል። ሹፌሩና ረዳቱ የአንዱን ነጋዴ ጤፍ አራግፈው መኪናውን አቀለሉትና ወጡ። የአራቱ ዕቃ የዳነው በአንዱ ጤፍ ነው። ስለዚህ አራቱም፣ የመኪናው ባለቤትም፣ እንደየንብረታቸው ዋጋ አዋጥተው ባለ ጤፉን ይክሱታል። መድን ቤቶች ይህን ጀነራል አቬሬጅ ይሉታል፤ የጋራ ኪሳራ ማለት ነው።

ሕጉ የሚለየው ሆን ተብሎ የተሠዋውን ራሱ ከተሰበረው ነው። ነፋስ ምሰሶውን ከሰበረው ኪሳራው የመርከቡ ባለቤት ነው፤ መርከቧ እንዳትገለበጥ መርከበኞች በመጥረቢያ ከቆረጡት የሁሉም ነው። ካፒቴኖች በሚያቀርቡት ሪፖርት ምሰሶ በነፋስ ሲሰበር ብዙም አይታይም፤ ሁልጊዜ ይቆረጣል። ነጋዴዎቹ ደግሞ መርከቧ ድሮም ታፈስ ነበር፣ ጭነቱ በአግባቡ አልተደረደረም ብለው ይሞግታሉ። ለዚህ ነው ካፒቴኑ ወደብ እንደገባ የደረሰበትን በመሐላ እንዲያስመዘግብ የሚገደደው፤ የፈረንሳዩ የ1681 ድንጋጌ 24 ሰዓት ሰጥቶታል። ያው ድንጋጌ መዋጮውን ሲያሰላ መርከቧን በግማሽ ዋጋዋ፣ የማጓጓዣ ኪራዩንም በግማሹ ይቆጥራል። ወደ ጣሊያኗ ወደብ ሊቮርኖ ለሚገቡ መርከቦች ስሌቱን የሚያጸድቁት ፒሳ የሚቀመጡት የባሕር ዳኞች ነበሩ።

ሁለት መርከቦች ሲጋጩስ? በአትላንቲክ ዳርቻ የሚሠራበት የኦሌሮን ደንብ፣ ተንቀሳቃሿ መርከብ መልሕቅ የጣለችውን ብትመታ ሆን ብለው እንዳላደረጉት ይምላሉና ጉዳቱን ግማሽ ለግማሽ ይካፈላሉ ይላል። የቆመችው ምን አጠፋች? ደንቡ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ሙሉ ካሣ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ሰው አሮጌ መርከቡን በጥሩ መርከብ መንገድ ላይ እየገተረ አዲስ ይገዛበት ነበር። ግማሽ ለግማሽ የመካፈል ልማድ በእንግሊዝ ሕግ እስከ 1911፣ በአሜሪካ እስከ 1975 ዘልቋል።

ስለ ተሰባበረች መርከብም አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ ከ1275 ጀምሮ የነበረ ሕግ ከተሰበረች መርከብ ሰው፣ ውሻ ወይም ድመት በሕይወት ከወጣ ንብረቱ ባለቤት አለው፣ ለዘውዱ ወይም ለባላባቱ አይሆንም ይል ነበር። የዳርቻ ባላባቶች ይህን ገልብጠው፣ ምንም ነፍስ ካልወጣ ዕቃው የእኛ ነው ብለው ለዘመናት ተከራከሩ። ባለቤቱ የታወቀ ዕቃ ድመት ወጣች አልወጣች የባለቤቱ ነው ተብሎ የተፈረደው በ1771 ነው። ፈራጁ ሎርድ ማንስፊልድ ነበር፤ ለፍሬድሪክ መልስ ከጻፉት ከአራቱ አንዱ።

ዛሬ ምኑ ይሠራበታል?

የግል ማራኪ ፈቃድ በ1856ቱ የፓሪስ መግለጫ ቀርቷል። ያው መግለጫ ገለልተኛ ሰንደቅ ከጦር ቁሳቁስ በቀር የጠላትን ዕቃ እንደሚያስጠብቅ አጸና፤ የደቾቹ ሐሳብ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አሸነፈ ማለት ነው።

የጋራ ኪሳራው ሕግ ግን ሙሉ ጤንነቱን እንደጠበቀ አለ። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ስትሰነቀር፣ የቦዩ ባለሥልጣን በመጀመሪያ 916 ሚሊዮን፣ በኋላ 550 ሚሊዮን ዶላር ካልተከፈለኝ ብሎ እስከ ጁላይ 7 ድረስ ያዛት። ባለቤቷ የጋራ ኪሳራ አወጀ። 18,000 በሚሆኑ ኮንቴይነሮች ውስጥ ዕቃ የነበራቸው ሰዎች ሁሉ ምንም ሳያጠፉ የወጪው ተካፋይ ሆኑ። መድን የገባው ነጋዴ መድን ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ ይጽፍለታል። መድን ያልገባው ከዕቃው ዋጋ የሚሰላ ጥሬ ገንዘብ ካላስያዘ ኮንቴይነሩን አይረከብም፤ የመጨረሻው ሒሳብም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በ1960 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1952) የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ስለ ግጭት፣ ስለ ነፍስ አድን ሥራና ስለ ጋራ ኪሳራ ድንጋጌ አለው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ ሰው መድን ሲገባ ፖሊሲው የጋራ ኪሳራ መዋጮን ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።